«እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም»፦ የማይታየው ኃይልና የመድፉ ጉልበት

«እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፣
ያደርጋል እንጂ ነገር እንዳይጥም።»

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ ይዞ ይቀራል። ቁም ነገሩ ግን ከ«እንጂ» ጋር ነው ያለው፤ የመጀመሪያው ስንኝ እግዜር የማያደርገውን፣ ሁለተኛው የሚያደርገውን ይናገራል።

በትሩ የገጠር ቤት ምስል ነው። የተቆጣ አባት ወደ አጥሩ ይሄዳል፤ ቀጥ ያለች ለጋ እንጨት ይመርጣል፣ ይቆርጣል፣ ቅጠሏን ይመለምላል። ልጁም ይህን ሁሉ እያየ ነው፤ ሮጦ አያቱ ጀርባ ይደበቃል። በትር ማለት እንግዲህ ሲዘጋጅ የሚታይ፣ ሊያመልጡት የሚቻል ኃይል ነው። «እንዳይጥም» ደግሞ የማጀት ቃል ነው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ቅቤው ሁሉ የገባበት ወጥ ከሥሩ ካረረ አይጥምም። ድስቱን ማንም አልሰበረው፣ ወጡንም ማንም አልደፋው፤ ጣሙ ብቻ የለም። የተረቱ ኃይል በትር ይዞ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን በነገሩ ውስጥ የሚሠራ ነው። (አንዳንዱ «ነገሩን እንዳይጥም» ይለዋል። ትርጉሙ ያው ነው፤ አምስት አምስት ሆኖ የሚሄደው ምት ግን አንድ ቀለም ይተርፈዋል።)

በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመጀመሪያውን የስታር ዋርስ ፊልም ያየ ሰው ይህን ተረት በሁለት ቦታ ያገኘዋል። አንደኛው ስብሰባው ላይ ነው። አንድ መኮንን ፕላኔት በሚያፈርሰው የጦር ጣቢያቸው ይመካል፤ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀው ባላንጣው ሳይነካው እጁን ከሩቅ አንሥቶ ጉሮሮውን ያንቀዋል። በትር አልተቆረጠም። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ ነው፤ ለእኔ የሚበልጠውም እሱ ነው። ያ ግዙፍ ጣቢያ ሙቀት የሚያስወጣበት 2 ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ አለችው፤ ቀዳዳዋ በቀጥታ ወደ ማመንጫው ልብ ትወርዳለች። በኮምፒውተር አልሞ የተኮሰው አብራሪ ቶርፔዶው አፏ ላይ ፈንድቶ ቀረበት። የፊልሙ ጀግና የሆነው ወጣት አብራሪ ግን ማነጣጠሪያውን አጥፍቶ በውስጡ ያለውን ኃይል አምኖ ተኮሰ፤ ገባለት። ጣቢያውን ያፈረሰው የገዛ ማመንጫው ነው። ነገሩ አልጣመም ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ግን ተረቱና ፊልሙ ይለያያሉ። በፊልሙ ውስጥ ኃይሉን ደጉም ክፉውም ሰው ተለማምዶ እንዳሻው ይጠቀምበታል። በተረቱ ውስጥ ኃይሉ በማንም እጅ አይገባም። ወሎ ውስጥ ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ ጸሎት ላይ፣ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቃል፤ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ አባትየው ዱአ ሲያደርጉ ጉባኤው «አሚን» ይላል። ዱአ ልመና ነው፤ የሚያዝ የለም።

የመድፍ ነገር ሲነሣ ወሎ የራሷ ምሳሌ አላት። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት ገደሉን እየወረደና እየወጣ፣ በሺሎን ተሻግሮ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ጦርነቱ ሲገጠም መድፎቹ ከከፍታ ወደ ታች ስለተኮሱ ጥይታቸው ብዙ ጉዳት አላደረሰም፤ ከትላልቆቹም አንዱ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው።

ይህን ታሪክ ይዞ «እግዜር ቴዎድሮስን ተቆጣ» ብሎ መፍረድ ግን ተረቱን ከአቅሙ በላይ ማሸከም ነው። እንግሊዞቹም ያሸነፉት ከኋላ በሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃና በሮኬት ነው። ተረቱ መሣሪያ ዋጋ የለውም አይልም። የሚለው፣ ባሩዱ ሞልቶ፣ መድፉ ተጎትቶ፣ መንገዱ ተጠርጎ ሳለ ነገሩ ሊጎመዝዝ ይችላል ነው። ንጉሡ ያን ሁሉ ብረት ሲያስጎትቱ አገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር፤ ከመድፉ መፈንዳት ይልቅ ይህ ነው ጣሙን ያጠፋው።

አነጋገሩ ቦታውን ካልጠበቀ ይጎዳል። የሚሠራው ሁሉ ተሟልቶለት ሳለ ነገር ለተበላሸበት ኃያል፣ ወይም ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ነው። ሥራ ሳይጀምሩ ለስንፍና ማመካኛ ማድረግ ስሕተት ነው። ልጁ ለታመመበት ወይም ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ፊት ለፊት መናገር ደግሞ ጭካኔ ነው፤ መከራውን ቅጣት ያደርገዋልና። እዚያ የሚባለው «እግዜር ያጽናህ» ወይም «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ነው።