«ጣት እያዩ ይዳናል እንዴ?» ስለ ዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ጅማ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ባጃጅ ተገልብጣባት ተርፋለች። ሁለት ዓመት ሆናት፤ አጥንቷም ገጥሟል። ግን እስከ ዛሬ ገበያ የምትሄደው በእግሯ ነው። ቡና እየቀዳች ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ካሰማ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ቡናው ሲኒውን አልፎ ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል። ባለፈው ቡና ላይ ለእንዲህ ያለ የድንጋጤ ቁስል ስለሚሰጠው፣ ኢኤምዲአር ስለሚባለው የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና ሳነሳ፣ ያልተናገረ ሰው አልነበረም።

«ልጄ፣ ይሄማ አፍዝ አደንግዝ ነው»

አይደለም። ታካሚዋ ነቅታ ነው የምትቀመጠው። በፈለገች ሰዓት «ይበቃኛል» ማለት ትችላለች። ባለሙያው ፊት ለፊቷ ሁለት ጣቱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያመላልሳል። እሷ አንገቷን ሳታዞር በዓይኗ ትከተላለች፤ በሐሳቧ ደግሞ ያንን ክፉ ቅጽበት ይዛለች። ግማሽ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ትንፋሽ ወስዳ ታርፋለች። «አሁን ምን መጣልሽ?» ይላታል፤ ይቀጥላሉ። አንዱ ማብራሪያ፣ አእምሮ ጣቱንም ትዝታውንም እኩል መያዝ ስለሚከብደው የትዝታው ኃይል ይቀንሳል የሚል ነው። በዚህ ላይ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። ሕክምናውን በፈረንጆቹ 1987 የጀመረችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍራንሲን ሻፒሮ ናት። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2013 መመሪያው አካቶታል።

«የሆነውን ሁሉ ያስረሳል»

አያስረሳም። ጎረቤቴ ያቺን ቀን ማስታወሷ አይቀርም። ባለሙያው ግን «ከ0 እስከ 10 ስንት ያስጨንቅሻል?» እያለ ይጠይቃታል። መውረድ ያለበት ያ ቁጥር ነው።

«የደረሰብኝን ዘርዝሬ መናገር አለብኝ»

ብዙ ሴቶችን ከበር የሚመልሰው ይሄ ፍርሃት ነው፤ በጣም ያሳዝነኛል። ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ፣ የተደፈረች ልጅ ታሪኳን ከሥር መሠረቱ አውጪ ብትባል እንዴት ትችላለች? በዚህ ሕክምና ዝርዝሩን መናገር ግዴታ አይደለም። ትዝታውን በውስጧ ይዛ፣ ጥቂት ቃል ብቻ ተናግራ መታከም ትችላለች።

«ዩቲዩብ ከፍቼ ቤቴ እሠራዋለሁ»

እባካችሁ አትሞክሩት። ሕክምናው 8 ደረጃዎች አሉት። ጣት መከተሉ የሚጀምረው በ4ኛው ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያው ታሪክሽን ይሰማል፤ ስትጨነቂ ራስሽን የምታረጋጊበትን ያስተምርሻል። ለምሳሌ ሰላም የሚሰጥሽን ቦታ በዓይነ ኅሊናሽ መሳል። እኔ ብሆን ጅሬን ላይ ቆሜ ከተማዋን ቁልቁል የማይበትን እመርጥ ነበር። ቁስል ቀስቅሶ ብቻን መቅረት ከባድ ነው።

«ጠበሌን፣ ዱአዬን ተዉ ሊሉኝ ነው»

ሕክምናው እምነት አያስጥልም። የሐኪም መድኃኒት የምትወስዱም በራሳችሁ አታቋርጡ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል አለው። «በዚህ ሕክምና የሠለጠነ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ባይኖር፣ ለድንጋጤ ቁስል የሚረዳ ሌላ የንግግር ሕክምናም አለ። ጎረቤቴ እሺ ብላለች። ሰኞ አብረን እንሄዳለን፤ በእግራችን።