ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ምንድን ነው? ጅማ ላይስ ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን ፖሊስ ጣቢያ የምንሄደው ስልካችን ከተመነተፈ ወይም ቤታችን ከተሰበረ በኋላ ነው። በተለምዶ «ኮሚኒቲ ፖሊሲንግ» የሚባለው ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ይህን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ የመጣ አሠራር ነው። ፖሊሱ ሰፈሩን ያውቃል፣ ሰፈሩም ፖሊሱን በስሙ ይጠራዋል፤ ወንጀል ከመፈጸሙ በፊትም መንስኤው ላይ አብረው ይመክራሉ።

ወደ አገራችን የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። በየቀበሌው የማህበረሰብ ፖሊስ ይመደባል፤ ከእድር፣ ከሃይማኖት አባቶች፣ ከሴቶችና ከወጣቶች የተውጣጣ የምክክር ኮሚቴም ይቋቋማል። ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው። ዋናው ሥራ ግን «ማን ሰረቀ?» ከማለት በፊት «ለምን እዚህ ቦታ፣ ለምን በዚህ ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የሐሙስ ገበያን እንውሰድ። ሐሙስ ሐሙስ ከማና፣ ከቀርሳና ከሰቃ አቅጣጫ የሚመጣው ገበሬ የጅማውን ሂርማታ ገበያ ያጥለቀልቀዋል። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ብዙው ሰው ብር ይዞ ነው የሚመለሰው፤ ኪስ አውላቂው ይህን ከማንም በፊት ያውቃል። አንዱ ልብስ ላይ ቆሻሻ ይደፋና «ውይ አባባ፣ ይቅርታ፣ ልጥረግልዎት» እያለ ሽር ጉድ ሲል ጓደኛው ኪስ ይገባል። አንድ ሁለቱን ማሰር ገበያውን አያጸዳም። ይህን ጨዋታ በየሳምንቱ የሚያዩት ግን ተሸካሚው፣ ሊስትሮውና ሻይ የምታፈላዋ ሴት ናቸው። ፖሊሱ ከእነሱ ጋር ተግባብቶ ከሆነ የትኛው መተላለፊያ ላይ መቆም እንዳለበት ያውቃል፤ እሷም ገበሬውን በኦሮምኛም በአማርኛም «ኪስዎን!» ትለዋለች። እኔ በበኩሌ ከስብሰባ አዳራሽ ንግግር ሁሉ ይህችን አንድ ቃል አስበልጣለሁ።

ማታ ማታ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አካባቢ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች መብራት በጠፋ ምሽት የሚፈሩት ቦታ አያጡም፤ አጥሩ ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ፣ ክዳን የሌለው ቦይ፣ አምፖል የሌለው ምሰሶ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው መጥረቢያና አምፖል ነው እንጂ ጠመንጃ አይደለም። ብዙ ሰፈር ከየቤቱ ገንዘብ አዋጥቶ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ካፖርት የደረበ፣ ባትሪና ዱላ የያዘ፣ ፊሽካውን እየነፋ የሚዞር። ዘበኛው የፖሊሱን ስልክ ካልያዘ፣ ፖሊሱም ዘበኛውን ካላወቀው ግን ጥበቃው ግማሽ ነው።

አሠራሩ የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ በእምነት ማጣት ነው። በኢሕአዴግ ጊዜ ሰዉ በትንንሽ ቡድን ይደራጅበት የነበረውን «አንድ ለአምስት»ን የሚያስታውስ ሰው ኮሚቴ ሲባል ጆሮው ይቆማል፤ ስለ ሌባ የተናገረው ነገር ነገ ስለ ጎረቤቱ ፖለቲካ ወደ መናገር እንዳይዞርበት ይሰጋል። ስጋቱ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አልችልም። ስለዚህ ጥቆማው በወንጀል ላይ ብቻ መወሰን አለበት፤ የጠቋሚውም ስም ከጣቢያው ግቢ መውጣት የለበትም። ስሙ አንዴ ከወጣ ያ ሰፈር ለዓመታት አፉን ይዘጋል።

ሽምግልናም ልክ አለው። ስድብን፣ የድንበር ጭቅጭቅንና የጎረማሶችን ግጭት ሽማግሌ ቢያስታርቅ ያስመሰግነዋል፤ ኦሮሚያም በ2013 ዓ.ም. ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ እውቅና ሰጥቷል። የተደፈረችን ልጅ ጉዳይ በካሳና በእርቅ መሸፈን ግን ወንጀልን መደበቅ ነው።

ሌባ ሲያዝስ? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንኛውም ግለሰብ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ይህም ቢያንስ ሦስት ወር ቀላል እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የያዘው ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው የ48 ሰዓት ገደብም ሰውየው ከተያዘበት ጊዜ ጀምሮ ይቆጠራል፤ ተጠርጣሪው በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። መደብደብ የትም አልተፈቀደም። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሃያ ሰው ተሰብስቦ ይደበድባል፣ ቃል ስጡ ሲባል ሃያውም ሥራ አለበት። ተበዳዩ ብቻውን ጣቢያ ይሄዳል፣ ምስክር ይጠየቃል፣ ምስክር የለም፣ ልጁ ይለቀቃል። ከቡጢው ይልቅ የሚጠቅመው ወንበዴው ያመለጠበትን ባጃጅ የጎን ቁጥር መያዝና በማግስቱ ሄዶ ቃል መስጠት ነው።