ታናሽ ሲወለድ ስለ ታላቁ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አራስ ቤት ገንፎው ይገነፋል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ የገባው እንግዳ ሁሉ ወደ ጨቅላው ያጎነብሳል። የሁለት ወይም የሦስት ዓመቱ ታላቅ ደግሞ መጋረጃ ይዞ ቆሞ እናቱን በዓይኑ ይፈልጋል። ስለ እሱ የሚባለው ብዙ ነው፤ ከሚባለው ውስጥ ደግሞ ልጁን የሚጎዳው ጥቂት አይደለም።

«እናትየው እስክትጠነክር ታላቁ አያቱ ጋ ይክረም»

በቅንነት የሚደረግ ነገር ነው፤ እናት ትረፍ ተብሎ። ልጁ የሚያየው ግን ሌላ ነው። እናቴ ሄደች፣ እኔም ከቤት ወጣሁ፣ ስመለስ ቦታዬ ላይ ሌላ ልጅ ተኝቷል። በዚህ ዕድሜ «አንድ ወር» ምን ያህል እንደሆነ አይገባውም፤ መጨረሻ የሌለው ነው የሚመስለው። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ልጁ ወደ አያቱ ከሚሄድ አያት ወደ ቤት ይምጡ። የግድ ከሆነም ከሁለትና ከሦስት ሌሊት አይለፍ፤ የለመደውን ብርድ ልብስ ይዞ ይሂድ፣ በየቀኑም በተመሳሳይ ሰዓት የእናቱን ድምፅ በስልክ ይስማ።

እናት ከሐኪም ቤት ስትመለስ በሩ ላይ የሚሆነው ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። ጨቅላውን አባት ወይም አያት ይያዙ፤ የእናት እጅ ባዶ ይሁንና ታላቁን ቀድማ ትቀፈው። በቀዶ ሕክምና ከወለደች ቁስሏ እስኪድን ከጨቅላው የሚከብድ ነገር ማንሳት የለባትም። እሷ ትቀመጥ፣ ሆዷን በትራስ ትከልል፣ ልጁ ራሱ ከጎኗ ወጥቶ ይጠጋት። ጨቅላውን ማየት ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ፤ እምቢ ካለ ይተዉት። ሲፈልግ ራሱ ይመጣል።

«እውነተኛ እናት ሕፃኑን ባየችበት ቅጽበት ፍቅሩ ይይዛታል»

አንዳንዷን ይይዛታል። ሌላዋን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅባታል፤ በተለይ ልቧ ታላቁ ጋ የቀረባት እናት «ለዚህኛው ምንም አልተሰማኝም» ብላ በጥፋተኝነት ትብሰለሰላለች። ጥፋት የለባትም። ፍቅሩ የሚገነባው በዕለት ተዕለት ንክኪ ነው፦ ጨቅላውን በተወለደበት የመጀመሪያ ሰዓት ራቁቱን ደረቷ ላይ ማድረግና ከላይ መሸፈን፣ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት፣ ማውራት። ጨቅላ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ድረስ ነው። ከጡት እስከ እናት ፊት ያለው ርቀትም ይኸው ነው።

ከወሊድ በኋላ በሦስተኛው ቀን ገደማ ያለ ምክንያት ማልቀስ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ራሷን ወይም ሕፃኑን ስለመጉዳት ማሰብ ከጀመረች፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ትሂድ። ይህ ሕመም ነው፤ ይታከማል።

«የእርጉዝ ጡት ተበላሽቷል፤ እሬት ቀብቶ ማስጣል ነው»

የእርጉዝ ወተት አይበላሽም። መጠኑ ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል፤ አንዳንዱ ልጅ በዚሁ ሰበብ ራሱ ይተዋል። ደም የሚፈሳት ወይም ያለ ጊዜው ምጥ የሚያሰጋት እናት ሐኪሟን ታማክር እንጂ፣ ሌላዋ ማጥባቷን መቀጠል ትችላለች። ከወለደች በኋላም ሁለቱን ማጥባት ይቻላል፤ ግን እንገሩ የጨቅላው ነው፣ እሱ ቀድሞ ይጥባ።

ማስጣሉ ካልቀረም ቀስ ተብሎ፣ አንድ አንድ ጊዜውን እየቀነሱ፣ በቦታው እንቁላል፣ ሽሮና ወተት እየተኩ ይሁን። ክዋሽዮርኮር (ሰውነትን የሚያሳብጥ ከባድ የምግብ እጥረት በሽታ) የሚለው ቃል የመጣው ከጋና፣ ከጋ ቋንቋ ነው፤ ታናሽ ሲመጣ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ዶክተር ሲሲሊ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወደ ሕክምና ያስገባችው የእናቶቹን አባባል ሰምታ ነው። በድንገት ጡት የተነጠቀ ልጅ የሚያጣው እቅፍ ብቻ አይደለም።

«ቅናቱን በቁጣ ካላቆሙት ይባልጋል»

ሽንት መቆጣጠር ለምዶ የነበረ ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል፣ ጡጦ ይጠይቃል፣ እንደ ሕፃን ይንተባተባል። ሆን ብሎ አይደለም። በዚህ ቤት ትኩረት የሚያገኘው ሕፃን የሆነ ሰው እንደሆነ አይቷል። «አንተ እኮ ትልቅ ነህ» ሲሉት ደግሞ ትልቅነት እናትን ማጣት ሆኖ ይታየዋል። አንሶላውን ያለ ወቀሳ ይቀይሩ፤ ጡጦውንም ለአንድ ቀን ቢሞክረው አይጎዳውም። ቢማታ እጁን ይያዙ፣ «መማታት አይፈቀድም፤ ግን እንደተናደድክ አውቃለሁ» ይበሉት።

ከሁሉም በላይ የሚሠራው በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ለእሱ ብቻ የሚሰጥ ጊዜ ነው፦ ስልክ ጠፍቶ፣ ጨቅላው ሌላ ሰው ጋ ሆኖ፣ ጨዋታውን ልጁ መርጦ። አልፎ አልፎም ለጨቅላው፣ ታላቁ እየሰማ፣ «ትንሽ ጠብቅ፣ አሁን የወንድምህ ተራ ነው» ማለት ተአምር ይሠራል። «ቆይ» የሚባለው እሱ ብቻ አለመሆኑን ይሰማል። ጠያቂዎችም ቀድመው እሱን ሰላም ይበሉ። «ቦታህን ተቀማህ!» የሚለው ቀልድ በር ላይ ይቅር፤ ልጁ ቀልድ መሆኑን አያውቅም።

«ስለሚወደው ብቻቸውን ቢሆኑ ችግር የለውም»

ለደቂቃም አይተዉ። ታላቁ ሊያበላው ብሎ ቆሎ አፉ ውስጥ የሚከተው በፍቅር ነው። እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ ከክንዱ ሥር ትራስ ተደርጎለት ይቀፈው፤ የጨቅላውን እግር መንካት ይለማመድ። ካሳለው ፊቱን አይሳመው።

«አባት ታላቁን ይያዝ፣ እናት ጨቅላውን»

ለጥቂት ቀናት ይረዳል፤ ልማድ ከሆነ ግን ታላቁ እናቱን አጣ ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት የሚያገኘው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ስለሆነ ዋናው ሥራ ከሥራ መልስ ምሽት ላይ ነው። ጨቅላው ጠብቶ ሲያበቃ አባት ተቀብሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ያስገሳው፣ ያባብለው፤ በዚያች ሩብ ሰዓት እናት ከታላቁ ጋር ትቀመጥ።