“ኢኮላይ ተገኘብኝ” እና ሌሎች በውጤት መስኮት የምሰማቸው ነገሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ በአንድ ላብራቶሪ የማይክሮባዮሎጂ ክፍል እሠራለሁ። ውጤት የምንሰጥባት መስኮት ጠባብ ናት፤ ጆሮዬ ግን ሁሌም እዚያ ነው። ሰው ወረቀቱን ይቀበልና አብሮት ከመጣው ጋር እዚያው ቆሞ ይተረጉመዋል። አንዳንዱ ትርጉም ያስቃል። አንዳንዱ ቀጥታ ፋርማሲ ያስኬዳል። እኛ ባለሙያዎች የምንደጋግማቸው ስህተቶችም አሉ፤ እነሱንም አልደብቅም።

“ኢኮላይ ተገኘብኝ፣ በምን ልታከም?”

እኔ ቀድሜ የምጠይቀው “ከየት ተገኘ?” ብዬ ነው። ከሰገራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዜና አይደለም። ኢኮላይ፣ ክሌብሲዬላ፣ ፕሮቲየስ፣ ኢንተሮኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ሁሉም የጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ ይኖራሉ። ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪክ እ.ኤ.አ. በ1885 ኢኮላይን ለዓለም ያስተዋወቀው ከሕፃናት ሰገራ አግኝቶ ነው። አንዳንድ ተቅማጥ የሚያመጡ የኢኮላይ ዓይነቶች አሉ፤ እነሱን ለመለየት ግን ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል፣ በተለመደው ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ በማየት፣ አይለዩም።

ይኸው ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ፣ ቁስል ውስጥ፣ ይባስ ብሎ ደም ውስጥ ሲገኝ ነው ነገሩ የሚቀየረው። የሽንት ካቴተር የገባለት፣ ሆዱን ኦፕሬሽን የተደረገ፣ ስኳር ያለበት፣ የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ሲያገኝ ከቦታው ወጥቶ ሥራ ይጀምራል። ኦፖርቹኒስቲክ፣ ማለትም አጋጣሚ ጠባቂ፣ የምንለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ውጤት ላይ ከባክቴሪያው ስም እኩል “ናሙና” የሚለውን መስመር አንብቡ።

“ሰገራ ምርመራ ላይ ባክቴሪያ አለ ተባልኩ”

ሰገራ በስላይድ ላይ ተለውሶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ የወስፋት እንቁላል ይለያል። ባክቴሪያማ ሞልቷል። ስሙን ግን በዓይን አይቶ የሚናገር ሰው የለም።

“ሽንት ያው ሽንት ነው”

ባለፈው አንዲት እናት ከጅሬን በኩል መጡ። ሽንታቸውን በሃይላንድ ላስቲክ ይዘዋል፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው።

“እማማ፣ መቼ ነው የሸኑት?”

“ጠዋት ነዋ ልጄ። ጎረቤቴ ቡና ጠራችኝ፣ ባዶ ሆዴን ከምሄድ ብዬ ጠጥቼ መጣሁ።”

“እስከ በረካ?”

“አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ ሰው አለ እንዴ!”

እውነታቸውን ነው፣ የለም። ችግሩ እሳቸው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲሉ ኢኮላይም ሲባዛ ነበር። ሁኔታው ከተመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። በ2 ሰዓት 6 ጊዜ ይታጠፋል፣ ማለትም 64 እጥፍ። ሽንት ውስጥ ፍጥነቱ ቀነስ ይል ይሆናል፣ ግን አይቆምም።

እኛ ደግሞ የምንሠራው በቁጥር ነው። 1 ማይክሮሊትር (የ1 ሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛ) የምትይዝ ሉፕ፣ ማለትም ጫፏ ቀለበት የሆነ መቅጃ፣ አለችን። ሽንቱን በእሷ ቀድተን ፕሌት (የባክቴሪያ ምግብ ያለበት ሳህን) ላይ እንዘራለን፤ በነጋታው 100 ኮሎኒ (ከአንድ ባክቴሪያ የተባዛ ክምር) ከበቀለ በ1 ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ ነበረ ማለት ነው። ኢንፌክሽን ለማለት ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መስመር ይህ ነው። ምልክት ላለበት ሰው ከዚያ ያነሰም ሊቆጠር ይችላል። አሁን አስቡት፦ ከቆዳ ታጥቦ የገባ 2,000 ባክቴሪያ በ64 ሲባዛ 128,000 ይሆናል። ጤነኛዋ እናት በወረቀት ላይ ታማሚ ሆኑ።

ለእማማ አዲስ ንጹህ ዕቃ ሰጠኋቸው። ታጥበው፣ የመጀመሪያውን ለቀው፣ መሃሉን እንዲቀበሉ ነገርኳቸው። ናሙና በ2 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፤ ካልሆነ ፍሪጅ ይግባ፣ እዚያ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ሦስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ባክቴሪያ ከበቀለ አብዛኛውን ጊዜ “ድጋሚ ናሙና ይምጣ” እንላለን። ሰው ይናደዳል። ይናደድ።

“ምንም አልበቀለም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ”

ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጀምሮ የመጣ ሰው ሽንት ላይ ምንም ባይበቅል አይገርምም። ሌላም አለ። ከአንጀት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ኦክስጅን የማይወዱ ናቸው፤ በተለመደው ኢንኩቤተር (ፕሌት የምናሞቅበት ሳጥን) አይበቅሉም። ከሆድ የወጣ መግል በግራም ስቴይን (ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ) ባክቴሪያ ሞልቶበት ፕሌቱ ባዶ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ኦክስጅን የማይወደውን ባክቴሮይድስን እና ዘመዶቹን ነው።

“ማኮንኪ ላይ ሮዝ ከሆነ ኢኮላይ ነው”

ይህችኛዋ የእኛ ናት። ማኮንኪ ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ ያለበት ፕሌት ነው። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ፕሌቱን ከፍተው ሮዝ ሲያዩ “ኢኮላይ!” ይላሉ። ሮዝ ማለት ላክቶስ ይበላል ማለት ብቻ ነው። ክሌብሲዬላም ይበላል፣ ኢንተሮባክተርም ይበላል።

መለየት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንዷን ኮሎኒ ብቻ ነክቼ ኢንዶል፣ ሲትሬት፣ ዩሪያ የሚባሉት መለያ ምርመራዎች የሚሠሩባቸው ትንንሽ ቲዩቦች ውስጥ አስገባለሁ። በነጋታው ኢንዶል ላይ ኮቫክስ የሚባለውን ፈሳሽ ጠብ ሳደርግ ላዩ ላይ ቀይ ቀለበት ከወጣ፣ ሲትሬቱ አረንጓዴ እንደሆነ ከቀረ፣ ዩሪያው ካልቀላ፣ ባክቴሪያውም ከተንቀሳቀሰ ኢኮላይ ነው ብዬ እጽፋለሁ። ክሌብሲዬላ ኒሞኒዬ ግልባጩ ነው፦ ቀለበት የለም፣ ሲትሬቱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ዩሪያው ቀስ ብሎ ሮዝ ይሆናል፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ኮሎኒውም ዝልግልግ ነው፤ በሉፕ ስትስበው እንደ ተልባ ይከተልሃል። ፕሮቲየስ ማኮንኪ ላይ ቀለም የሌለው ጨዋ ኮሎኒ ነው፤ ብለድ አጋር (ደም ያለበት ፕሌት) ላይ ግን ማዕበል እየሠራ ፕሌቱን ሁሉ ይሸፍነዋል። ሽታውን መንገር አያስፈልግም። (ፕሌት ማሽተት ክልክል ነው። የሚያሸት ሰው ግን አይጠፋም።)

ሁለት ወጥመድ ልጨምር። ሰገራ ውስጥ በሽታ አምጪውን ሳልሞኔላ ስንፈልግ ቲኤስአይ የሚባለው ቲዩብ ሲጠቁር ልብ ይመታል፤ ፕሮቲየስና ሲትሮባክተርም ያጠቁሩታል። ፕሮቲየስን ዩሪያ ያጋልጠዋል፤ ለሲትሮባክተር ላይሲን የሚባለው ምርመራ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ኦክሲዴዝ የሚባለው የቀለም ምርመራ ነው። ሱዶሞናስ የሚባለውን ባክቴሪያ ከአንጀት ቤተሰብ የሚለየው ይኸው የ10 ሰከንድ ወይን ጠጅ ቀለም ነው። ኮሎኒውን ብረት ባለበት ሉፕ ካነሳህ ውሸት ፖዘቲቭ ሊሰጥህ ይችላል። በእንጨት አንሳ። ከማኮንኪ ላይም አታንሳ።

“ፕሮቲየስ ኦኤክስ 19 አለብኝ”

አንድ የባጃጅ ሹፌር ወረቀቱን ዘርግቶ “ፕሮቲየስ የሚባል ደሜ ውስጥ ገብቷል” አለኝ። ደሙ ውስጥ ፕሮቲየስ የለም። ይህ ለታይፈስ (ተስቦ) የሚሠራው የዌይል ፌሊክስ ምርመራ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 አካባቢ፣ ኤድመንድ ዌይል እና አርተር ፌሊክስ ከታይፈስ ታማሚ ሽንት ፕሮቲየስ አገኙ። በሽታውን ያመጣው እሱ አልነበረም፤ ሪኬትሲያ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ግን የታማሚው ደም ይህን ፕሮቲየስ ያጓጉለዋል፤ ሁለቱ ባክቴሪያዎች በሰውነታችን ዓይን ስለሚመሳሰሉ ነው። ስለዚህ ፕሮቲየሱ እንደ መመርመሪያ ቀረ። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ፀረ አካል ነው፣ ያም በደንብ የሚያሳስት ምርመራ ነው። በአንድ ጊዜ በተሠራ ዝቅተኛ ቁጥር ብቻ “ተስቦ አለብህ” መባል አልወድም።

“ማሽን ካለ ስህተት የለም”

ባክቴሪያን በደቂቃዎች የሚለየው ማልዲ ቶፍ እንኳ ኢኮላይን ተቅማጥ ከሚያመጣው ሺጌላ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። በጣም ዘመዳሞች ናቸው። የተቀላቀለ ኮሎኒ ከሰጠኸው ደግሞ የተቀላቀለ መልስ ነው የሚሰጥህ።

“ስሙ ምን ያደርጋል፣ መድኃኒቱን ብቻ ንገሩን”

ይህን ሐኪሞችም ይላሉ። እኔም ድሮ እንዲህ አስብ ነበር። ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚያሳየው ምርመራ፣ ላይ መድኃኒት በያዘው ዲስክ ዙሪያ የሚታየው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ የሚነበበው ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ መድኃኒት እንደ ባክቴሪያው ዓይነት የራሱ የሚሊሜትር መስፈርት አለው። ሰፊ ክብ ያለው ሁሌ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ስም ካለህ ደግሞ አንዳንዱን መልስ ሳትሠራም ታውቀዋለህ። ክሌብሲዬላ በተፈጥሮው ለአምፒሲሊን አይበገርም። ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ በናይትሮፉራንቶይን አይሞትም።

አንድ ቀን ማታ፣ መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ውጤት ለማውጣት ስጣደፍ “ክሌብሲዬላ፣ አምፒሲሊን ይሠራል” ብዬ ጽፌ ልኬአለሁ። ስህተት እንዳለ የገባኝ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። እንዲህ ያለ ክሌብሲዬላ አይቼ አላውቅም። ጠዋት በኢንኩቤተር መብራት ፕሌቱን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ሁለት ዓይነት ሮዝ ነበር፦ አንዱ ዝልግልግና ትልቅ፣ ከጎኑ ደረቅና ጠፍጣፋ። ቲዩቦቹን ከዝልግልጉ ሠርቼ፣ ሴንሲቲቪቲውን ከጎረቤቱ ነበር የሠራሁት። ለክፍሉ ደወልኩና “የትናንቱን ውጤት እንዳትጠቀሙበት” አልኩ። ሁለቱንም ለየብቻ እንደገና ዘራኋቸው።