ሴራሚክና ፖሊመር፦ ቆራሌው የሚወስደውና የሚተወው

12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ ሴራሚክ (እንደ ጀበናና ምጣድ በእሳት የተተኮሰ ሸክላ) ከሲሚንቶና ከመስታወት ጋር ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ይታለፋል፣ ፖሊመር (ፕላስቲክ የሚሠራበት) ግን የራሱ ዩኒት አለው። ተማሪው ሁለቱንም ይሸመድዳል እንጂ ኮዬ ፈጬ ወይ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሚኖረው "ቆራሌው!" ሲባል ወጥቶ ቢያይ ግማሹን እዛው ይማረው ነበር። የተሰበረ ጀሪካንና የፕላስቲክ ወንበር ይወስዳል፣ የተሰበረ ጀበና ብትሰጡት ግን ይስቅባችኋል።

ነገሩ የቦንድ፣ ማለትም አቶሞች እርስ በርስ የሚያያዙበት ማሰሪያ ጉዳይ ነው። ሸክላ ጭቃ እያለ እንደፈለጉ ይቀረፃል፣ እሳት ገብቶ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ግን በኬሚካል የታሰረው ውሃ ይወጣና አለቀ፣ ከዛ በኋላ ሳምንት ሙሉ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። አልሙኒየሙ፣ ሲሊከኑና ኦክስጅኑ አዮኒክና ኮቫለንት በሚባሉ ጠንካራ ቦንዶች በየአቅጣጫው ስለተቆላለፉ ይጠነክራል፣ ሙቀት ይችላል፣ አይዝግም። ግን እንደ ብረት ልጠፍጠፍ ልታጠፍ አይልም፣ ለዚህ ነው ትኩስ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ የነካው በኩል ቀድሞ ተኮማትሮ ሌላው እንደጋለ ስለሚቀር ጧ የሚለው። ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ሽቦው ሸክላው ስር በተቦረቦረው መስመር ተጠምዝዞ ይግላል፣ ሸክላው ሙቀቱን ወደ እንጀራው ያሳልፋል ኤሌክትሪኩን ግን ያስቀራል፤ የመብራት ፖል ላይ ሽቦው የሚያርፍበት ስኒ መሳይ ሴራሚክም ሥራው ይኸው ነው።

ፖሊመር ደግሞ ትናንሽ ሞለኪውሎች በሺዎች ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፌስታልና ቢጫው ጀሪካን የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም ኢቲሊን ከሚባል ጋዝ ነው የሚሠሩት፤ የለስላሳው ፌስታል ሰንሰለት ቅርንጫፍ ስለሚበዛው ተጠጋግቶ መደርደር አይችልም ስለዚህ ይለሰልሳል፣ የጀሪካኑ ቀጥ ቀጥ ያለ ስለሆነ ይጠነክራል። ሰገነት ላይ የምታዩት ጥቁር ሮቶም እንደነሱ የኢቲሊን ሰንሰለት (ፖሊኢቲሊን) ነው፣ ጥቁረቱ ለውበት ሳይሆን የፀሐይ ጨረር ሰንሰለቱን እንዳይበጣጥሰው የተጨመረ ካርቦን ነው። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የተያያዙት በደካማ ኃይል ስለሆነ ሲሞቁ ይንሸራተታሉ፣ ሲቀዘቅዙ እንደገና ይረጋሉ፣ ቆራሌው ገንዘብ የሚከፍለው ለዚህች ባህሪ ነው። ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ሻይ ስትጨምሩ የሚጨማደደውም ፕላስቲኩ ከ70 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ስለሚለሰልስ ነው።

ሁሉም ፕላስቲክ ግን እንዲህ አይደለም። ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የሠራው ቤክላይት ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ በኮቫለንት ቦንድ ስለተሰፉ አንዴ ከጠነከረ አይቀልጥም፣ ይከስላል እንጂ። የድሮ ሶኬትና የድስት ጥቁር እጀታ ከዚህ ወገን ናቸው፣ ቆራሌው ጋ እነሱም እንደ ጀበናው ዋጋ ቢስ ናቸው። ፒቪሲ ቱቦ ደግሞ ይቀልጣል ግን በክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው፣ ቁርጥራጩን ከሰል ማቀጣጠያ የምታደርጉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ፣ ጭሱ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ አለበት።

ሴራሚክና ፖሊመር የሚገናኙበት ቦታ ደሞ አለ፣ መጽሐፉ ላይ ባይኖርም። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ የጎመን ዘር ሲታሰስበት ዘይቱ ወደ ሸክላው ቀዳዳዎች ይገባል፣ በሙቀትና በአየር ሞለኪውሎቹ ድርብ ቦንዳቸው ላይ እርስ በርስ ይያያዙና ስስ ጥቁር ሽፋን ይሆናሉ። ያ ሽፋን ፖሊመር ነው። እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሳው በሱ ነው፣ ምጣዱ በሳሙና ተፈትጎ ከታጠበ በኋላ እንጀራው እንቢ የሚለውም እሱ ስለተላጠ ነው።