«ጠቅላላ ቲኤችሲ» ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ሄምፕ (አስካሪ ንጥረ ነገሩ አነስተኛ የሆነ የካናቢስ ዓይነት) የሚያመርት ገበሬ የላብራቶሪ ውጤቱን ሲያይ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ወረቀቱ «ቲኤችሲ 0.2 በመቶ» ይላል፤ ቲኤችሲ ማለት ያ አስካሪ ንጥረ ነገር ነው። የሚፈቀደው በደረቅ ክብደት እስከ 0.3 ነው። ታዲያ ሰብሉ ለምን ወደቀ?

ጉዱ ያለው ከሥር ባለው መስመር ነው፦ ቲኤችሲኤ 0.5። ጥሬው ተክል በብዛት የሚይዘው ይህን አሲድ ነው። እሱ እንዳለ አያሰክርም፤ ሙቀት ሲነካው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ቲኤችሲ ይሆናል። ቡና ሲቆላ እንደሚቀለው ክብደቱ ይቀንሳል። ስለዚህ 0.5ን በ0.877 ያባዙታል፤ 0.44 ገደማ ይመጣል። 0.2 ሲደመርበት 0.64። የግብርና መሥሪያ ቤቱ የሚያየው ይህን ድምር፣ ማለትም «ጠቅላላ ቲኤችሲ»ን ነው።

የመለኪያ መሣሪያውም ልዩነት ያመጣል። ጋዝ ክሮማቶግራፊ (ክሮማቶግራፊ ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ የሚለካ ዘዴ ነው) ናሙናውን ስለሚያሞቀው አሲዱ እዚያው ይለወጣል። በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ግን ሁለቱ ለየብቻ ይነበባሉ፤ ማባዛቱም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።