«አርሯል» ስለሚባለው የሸክላ ድስት ሩዝ

ሲንጋፖር ወይም ኳላ ላምፑር ደርሶ የመጣ ወዳጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ ያመጣልኛል። «ሂዱ ያልከን ቤት 40 ደቂቃ አስጠበቀን። ከዚያ ያረረ ሩዝ አቀረበልን።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ስለ ሸክላ ድስት ዶሮ በሩዝ የምሰማቸውን ስህተቶች እንያቸው።

«አስተናጋጆቹ ቀርፋፋ ናቸው።» አይደሉም። ሩዙ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ጥሬውን ነው፤ የሚጣደውም እናንተ ስታዙ ነው። ውሃው ሊመጠጥ ሲል የተለወሰው ዶሮ ከላይ ይደረደርና ይከደናል። ዶሮው በሩዙ እንፋሎት ይበስላል፣ ስቡም ወደ ሩዙ ይወርዳል። ይህ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ቀድማችሁ ደውላችሁ እዘዙ። ካልሆነም ሾርባና ቅጠላ ቅጠል አዛችሁ ጠብቁ። በ10 ደቂቃ ከቀረበላችሁ ሩዙ ቀድሞ የተቀቀለ እንዳይሆን ጠርጥሩ።

«የሃይናኑ ዶሮ በሩዝ ማለት ነው።» በፍጹም። በቻይናዋ ደሴት በሃይናን ስም የሚጠራው ምግብ ዶሮው ለብቻው ይቀቀላል፣ ሩዙም በመረቁ ይሠራል። ይህኛው የካንቶኖች፣ ማለትም የደቡብ ቻይና ሰዎች፣ ምግብ ነው።

«ስሙ ዶሮ ነው፣ ያለው ዶሮ ብቻ ነው።» እኛ አገር ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። አብዛኛውን ጊዜ ላፕ ቾንግ የሚባል ቋሊማ ይገባበታል፤ እሱ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ነው። ጨው የበላ የደረቀ ዓሣም አይጠፋም። «ያለ ቋሊማ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ዘይቱም የአሳማ ስብ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ሙስሊም ወገኖች ማሌዥያ ውስጥ የጃኪምን፣ ሲንጋፖር ውስጥ የሙኢስን (የየአገሩ የእስልምና ጉዳዮች ተቋማት ናቸው) የሃላል ምልክት ፈልጉ።

አሁን ወደ «አርሯል» ልምጣ። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ሩዙ የጠቆረው ጥቁር ሶያ ሶስ ስለፈሰሰበት ነው። ወፍራም፣ ጣፈጥ የሚል ሶስ ነው፤ ሙሉውን ድስት ቡናማ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ከስር የተያያዘው ቅርፊት ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው። ውሃው እስካለ ድረስ ሩዙ ይቀቀላል። ውሃው ሲያልቅ ከድስቱ ጋር የተነካካው ሩዝ መቆላት ይጀምራል። ሸክላ ሙቀት ስለሚይዝ ድስቱ ከእሳት ወርዶም መቆላቱ ይቀጥላል። ካንቶኖች ይህን ቅርፊት ፋን ጂው ይሉታል፤ ምግብ አብሳዩን የሚመዝኑትም በእሱ ነው። ቡና ስንቆላ ቡናማውን ከከሰሉ እንለይ የለ? እዚህም እንደዚያው ነው። አፍ ላይ ከመረረ አዎ አርሯል፣ መልሱት። ኩርሽም ካለና የተቆላ እህል ከሸተተ ግን ብሉት።

አንዴ የአጎቴን ልጅ ይዤው ሄድኩ። ከላይ ከላዩን በልቶ ድስቱን ገፋ። አስተናጋጇ መጣች፣ ውስጡን አየች፣ ምንም ሳትናገር ማንኪያ አንስታ ከስር ፋቀችና ሳህኑ ላይ አደረገችለት። ቀመሰው። ከዚያ የእኔንም ድርሻ ጨረሰብኝ።

«ከሰል ካልሆነ ባህላዊ አይደለም» የሚሉም አሉ። ከሰል ጥሩ የጭስ መዓዛ ይሰጣል፤ ግን በጋዝም ጎበዝ የሆኑ ቤቶች አሉ።

ሲቀርብላችሁ የላይኛውን ብቻ አማስሉ፣ የታችኛውን ለመጨረሻ ተዉት። ጥቂት ሲቆይ ራሱ ይላቀቃል። አልላቀቅ ቢል እንኳ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታፈሱበት፤ የጋለ ሸክላ ይሰነጠቃል።